የአባትየው ሸራና የልጅየው ሸራ

ወደዚያ ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ማዳም አቧራውን ጥረጊ ብላ ጣሪያ ላይ ላከችኝ። ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር ውስጥ የቆዩት ቤቶች ጣሪያቸው ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን ከሰው ቁመት ከፍ ያለ ግንብ ይከበዋል፣ የውኃ ታንከር አለ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። በአንዱ ጥግ አሮጌ ዕቃ የሚታጎርበት የቆርቆሮ ጥላ ነበር። ከጥላው ሥር፣ በአንሶላ የተጠቀለለ፣ ርዝመቱ የእኔን ቁመት እጥፍ የሚሆን ነገር ግድግዳውን ተጠግቶ ተጋድሟል። ቃሬዛ መሰለኝ። ገና እንግዳ ነኝ፣ ማንን እጠይቃለሁ? ቢስሚላህ ብዬ ዙሪያውን ጠርጌ፣ እሱን ሳልነካ ወረድኩ።

የምን ዕቃ እንደሆነ ኋላ የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን ልጃቸው ነበር። ከፊሌም፣ ማለት አሠሪና ዋሴም፣ እሱ ነው፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሱ ስም ነው የወጣው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ዝምተኛ፣ መሥሪያ ቤት ውሎ ሲመለስ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ሚስቱን ማዳም እላታለሁ። ልጆቻቸው አድገው ለትምህርት ውጭ አገር ሄደዋል። የሽማግሌው ባለቤት ከሞቱ ቆይቷል። ሽማግሌውን ባባ ነበር የምላቸው፤ እሳቸውም ልጄ ይሉኛል።

የተቀጠርኩት ለቤት ሥራ ቢሆንም ወር ሳይሞላ ዋናው ሥራዬ ባባ ሆኑ። መጀመሪያ የሚረሱት መነጽራቸውን ነበር። ቀጥሎ ሰግደው መጨረሳቸውን እየረሱ ያንኑ ሶላት መድገም መጣ። ቆይቶ ሚስታቸው መሞቷን ረስተው «ዛሬም ጎረቤት ነች? ምነው ቆየች?» ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ነገርኳቸው፤ እንደ አዲስ መርዶ ነው ያለቀሱት። ከዚያ ወዲህ «ትመጣለች ባባ» ነው የምለው።

ሐኪሙ አየር ይቀበሉ ስላለ፣ ሁልጊዜ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ክንዳቸውን ይዤ ጣሪያ አወጣቸዋለሁ። አንድ ቀን ወንበራቸው ላይ ካስቀመጥኳቸው በኋላ ብድግ ብለው ያን አንሶላ ገፈፉት።

«ይሄን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«አላውቀውም ባባ።»

«ዊንድሰርፍ ነው። ሰሌዳው ላይ ቆመሽ ሸራውን ትይዢዋለሽ፤ ነፋሱ ባሕሩን ያሻግርሻል። ሞተር የለው፣ ነዳጅ የለው። ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከአውሮፕላን መስኮት አይቻለሁ።»

«እሱ ማየት አይደለም» አሉና ሳቁ።

በወጣትነታቸው በምሥራቁ ጠረፍ ሥራ ነበራቸው። እዚያ አብሯቸው የሚሠራ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ዕቃ ተወላቸው። የሥራ ዕረፍት በመጣ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ ነበሩ። ወደ ሪያድ ሲዛወሩ ጓደኞቻቸው «በረሃ ውስጥ ምን ሊሠራልህ ነው?» እያሉ ቢስቁባቸውም ጥለውት አልመጡም። ከዚህ እስከ ባሕሩ በመኪና አራት ሰዓት ነው። መጀመሪያ በየወሩ እየጫኑ ይሄዱ ነበር፤ ከዚያ በየዓመቱ፤ ከዚያ ጣሪያ ላይ ቀረ።

ዕቃውን በእጄ ስለማውቀው ልናገር። ሰሌዳው ከላይ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ ነጭ የነበረው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። ሁለት ሰው ካልሆነ አይነሳም። ሆዱ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ነበር፤ በስንጥቁ የሳንቃ ስለት የመሰለ ነገር ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ሰሌዳው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ሸራው የሚወጠርበት ምሰሶ አንድ ወጥ ነው፣ አይቆረጥም አይገጣጠምም፤ ጣሪያ ላይ የወጣው በደረጃ ሳይሆን ከመንገድ በገመድ ተስቦ ነው አሉኝ። መያዣው እንደ ቀስት የጎበጡ ሁለት እንጨቶች ናቸው፣ አንዱ በሸራው ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። እንጨቱ እጅ ብዙ ከመያዙ የተነሣ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ሸራው ደግሞ ጨርቅ ነው፣ እንደ አቡጀዲ ጠንከር ያለ፣ ቀይና ቢጫ መስመር ያለው፣ መሐሉ ላይ ወዲያ ማዶ የሚታይበት የላስቲክ መስኮት የተሰፋበት።

መያዣው ከምሰሶው ጋር የሚያያዘው በገመድ ብቻ ነበር። የገመዱን ቋጠሮ ባባ አስተማሩኝ። የገዛ ልጃቸውን ስም ፈልገው በሚያጡበት ቀን እንኳ ያን ቋጠሮ ሲቋጥሩ ጣታቸው አይሳሳትም። ሁለት ጊዜ ይዞራል፣ በራሱ ሥር ያልፋል፣ ከዚያ በጉልበት ይሳባል። እኔ ስቋጥረው ይላላ ነበር። «ደግሚው» ይሉኛል። እደግመዋለሁ። እንዲህ እያልን ሸራውን ወጥረን፣ የምሰሶውን እግር አሸዋ በተሞላ አሮጌ ጎማ መሐል ሰክተን፣ እሳቸው መያዣውን ይዘው ወደ ኋላ ዘንበል ይላሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ነፋስ ሲመጣ ሸራው ሆዱን ይነፋል፤ ሲደክማቸው ለቀቅ ያደርጉታል፣ ጨርቁ ይርገበገብና ዝርግፍ ብሎ ይወድቃል። አንድም ቀን ጎድቷቸው አያውቅም። እኔም ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ያን ሰዓት ነበር። የአባቴን ለቅሶ ከዚያው ቤት ኩሽና፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የተቀመጥኩት። አገሬ ከሚሴ ላይ ሰው ሁሉ ቀብሮ ሲመለስ እኔ ሰሐን እያጠብኩ ነበር። ስለዚህ ባባ «ያላ ልጄ፣ ነፋስ መጣ» ሲሉኝ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም።

ልጅየውም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህንኑ ጨዋታ ጀምሮ ነበር። ሐሙስ ከሥራ እንደወጣ መኪናውን እየነዳ ወደ ምሥራቁ ባሕር ይሄዳል፣ ቅዳሜ ፊቱ ጠቁሮ ይመለሳል። ዕቃውን እዚያው ባሕር ዳር ነበር የሚያስቀምጠው። አንድ ቅዳሜ ግን ጭኖት መጣና አባቱን «ና፣ ላሳይህ» ብሎ ጣሪያ ይዟቸው ወጣ። እኔም ውኃ ይዤ ተከተልኩ።

ሰሌዳውን በአንድ እጁ ነው አንጠልጥሎ ያወጣው። አጭር፣ ሰፊ፣ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ። ባባ አዩትና «ግማሹ የት አለ?» አሉ።

«ሙሉው ይሄ ነው አባቴ።»

«በዚህ ላይ ማን ይቆማል? ሳይንቀሳቀስ ይሰጥማል።»

«ሲፈጥን ነው የሚቆመው። ነፋስ ካለ ከውኃው በላይ ይነሣል፣ ውኃውን አይነካም።»

ምሰሶው ጥቁር ነበር፣ ሁለት ቦታ ተከፍሎ በከረጢት የሚገባ። ካርቦን ነው አለ። አንሺው ብሎ ሰጠኝ፤ ከመጥረጊያ እንጨት አይከብድም። ሸራው ጨርቅ አልነበረም፤ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ጠንካራ ላስቲክ ነው፣ ሲዘረጉት እንደ በልግ ነጎድጓድ ይጮኻል። በውስጡ የጎድን አጥንት የመሰሉ ዘንጎች አሉበት፣ ጫፋቸው ላይ ምሰሶውን ቀርጥፎ የሚይዝ የፕላስቲክ መንጋጋ። መያዣው ምሰሶው ላይ የሚገጠመው በገመድ አይደለም፣ ቀጭ ብሎ በሚዘጋ ቁልፍ ነው። ሸራውን የሚያጠብቀው ደግሞ ትንሽ መዘውር ነበር። ልጅየው ከሥር ገመዱን መዘውሩ ላይ አጠላለፈና አዞረ፣ አዞረ፤ የተጨማደደው ላስቲክ ቀስ እያለ ተወጠረ፣ እንደ ከበሮ ጠጠረ፣ ራሱ ጎበጥ ብሎ የወፍ ክንፍ ሆነ። ነፋስ የለም፣ ማንም አልያዘውም፤ መሬት ላይ ተኝቶ እንኳ ቅርጹን ይዟል።

ባባ ጎንበስ ብለው በጣታቸው መቱት። ድው አለ።

«ይሄ ሸራ አይደለም» አሉ። «ማሽን ነው።»

«በአንተ ጊዜ ነፋስ ሲበረታ ጨርቁ ቅርጹ ይጠፋና ሰውን ይጥል ነበር። ራስህ ነግረኸኛል። ይሄ በየትኛውም ነፋስ ቅርጹን አይለቅም።»

«ለዚህ እኮ ነው። የእኔ ሲለቁት ይሞታል። ይሄ ሲለቁትስ?»

ልጅየው መለሰላቸው፣ ግን ስለ ማዕዘንና ስለ ፍጥነት ነበር የሚያወራው፣ ባባ አልሰሙትም። ወደ አሮጌው ሰሌዳ ሄደው በመዳፋቸው አቧራውን ያብሱ ጀመር። የልጅየውን ፊት አየሁት። ያ ሁሉ መንገድ ጭኖት የመጣው አንድ ቃል ፈልጎ ነበር፤ አላገኘም። መዘውሩን ወደ ኋላ አላልቶ፣ ሸራውን ጠቅልሎ ወረደ።

በሚቀጥለው ዓመት የባባ ሕመም ባሰ። ሌሊቱን ከቀን አይለዩም፣ በር ከፍተው ይወጣሉ። ማዳም ደግሞ ጣሪያው ይጽዳ አለች፤ አይጥ አይታለች፣ ያ ሁሉ አሮጌ ዕቃ ይውጣ። ልጅየው ኩሽና መጥቶ ነው የነገረኝ።

«ነገ አባቴን ለምርመራ እወስደዋለሁ። ዕቃውን የሚያወርድ ሠራተኛ ይመጣል፣ አሳዪው።»

«የባባንም?»

«የእሱንም። አያስታውሰውም።»

ያስታውሱታል ልለው ነበር። አላልኩም። ከፊል ነው፣ ቤቱ የእነሱ ነው።

የመጣው ሠራተኛ ያገሬ ሰው ሆነ። ጎልማሳ ነው፣ ጫማው የሲሚንቶ ዱቄት የለበሰ፣ ንግግሩ የራያ። ጀራዲያ ሰፈር ከስምንት ሰው ጋር አንድ ክፍል ይኖራል፤ ወረቀት የለውም፣ ስለዚህ መንገድ ላይ መቆየት አይወድም፣ ሁሉንም በጥድፊያ ነው የሚሠራው። ሰሌዳውን አየና «እህቴ፣ ይሄ በር ነው?» አለኝ። ባሕር ላይ የሚቆሙበት ነው ስለው በመዳፉ ዳሰሰው። «እኛ በጀልባ ስንሻገር ይሄ ቢኖረን» አለና አንዱን ጫፍ አነሣ። እኔም ሌላውን ጫፍ ያዝኩ።

ሰሌዳውን ተጋግዘን በደረጃው አወረድነው። ምሰሶው ግን በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ አለ። ከመንገድ በገመድ ማውረድ ይቻል ነበር፤ እሱ ግን ፖሊስ ያየኛል ብሎ ፈራ። መጋዝ አወጣ። ምሰሶው ሲቆረጥ የወጣው ድምፅ ዛሬም ጥርሴን ያንገጫግጨዋል። ነጭ ብናኙን ጠረግኩ። ልጅየው አዲሱን ዕቃውን ባሕር ዳር የሚያስቀምጥበት ቦታ ተዘግቶበት ስለነበር፣ በዚያው ሳምንት አምጥቶት ነበር፤ ያን ማታ ጥላው ሥር፣ የአሮጌው ቦታ ላይ አስቀመጠው። በዚያው አንሶላ ሸፈነው።

ባባ በማግስቱ ከዐስር በኋላ ወጡ። አንሶላውን ገፈፉ። ቆሙ። «የት አለ?» አሉኝ።

ልጅየው እንድል የነገረኝን አልኩ። «ሊጠገን ሄዷል ባባ።»

«ማን ሰበረው?»

«ማንም አልሰበረውም። ይመጣል።»

በነጋታው ያንኑ ጠየቁኝ። በሦስተኛውም ቀን። የሞተችውን ሚስታቸውን እንኳ ሁልጊዜ አይጠይቁም፤ ይሄን ግን አንድ ቀን አልዘለሉትም። ከዚያ ምግብ ተዉ። ማንኪያውን አፋቸው ላይ ሳደርስ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጉንጫቸው ገባ። ለዚያ የራያ ሰው ደወልኩለት፤ ቢገኝ ሸራውን ብቻ እንኳ እንዲመልስልኝ።

«እህቴ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ» አለኝ። «ሸራውን ቀደን ጣሪያችን ላይ ለጥላ ሰቅለነዋል። እንጨቱ ለምግብ ማብሰያ ነድዶ አለቀ። ሰሌዳውን ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወስደውታል። ውድ ነገር ነበር እንዴ?»

«አይደለም ወንድሜ» አልኩት። «ኸላስ፣ በቃ፣ ተወው።»

ለልጅየው ነገርኩት። «ባባ ዕቃው ከሄደ ወዲህ አይበሉም» አልኩ። ስልኩን እያየ «ኢንሻአላህ ይረሳዋል» አለ። ክፋት አልነበረም። ድካም ነበር፤ አባቱን በየቀኑ ትንሽ በትንሽ እየቀበረ የሚውል ሰው ድካም።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ቀን ነው። ልጅየው ሥራ ነው፣ ማዳም እህቷ ጋ ሄዳለች። ባባን ጣሪያ አወጣኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ ነበር፣ ምዕራቡ በኩል ሰማዩ ወደ ቢጫ ይላል። ባባ አንሶላውን ገፈፉ፣ እንደ ሁልጊዜው የት አለ ብለው ይጠይቁኛል ስል አልጠየቁም። ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ሸራ ይፈቱ ጀመር።

«ባባ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም።»

«ያላ ልጄ፣ ነፋስ መጣ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

ከሳምንታት በኋላ ድምፃቸው ደስ ብሎት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ገና ሰውነታቸው ሲንቀሳቀስ ሳየው ልቤ ተሸነፈ። ትንሽ ይነካኩት፣ ከዚያ አስበላቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ሁለቱን የምሰሶ ክፍሎች ገጠምኩ። ሸራውን አጠለቅንለት። ባባ መያዣውን አነሡና ገመዱን ፈለጉ። የሚቋጠር ገመድ የለም። ጣቶቻቸው አየር ላይ ሁለት ጊዜ ዞሩ፣ በምንም ሥር አለፉ፣ ምንም አልያዙም። እንደ ሕፃን አዩኝ። ቁልፉን ቀጭ አድርጌ ዘጋሁላቸው።

መዘውሩንም ያዞርኩት እኔ ነኝ። ልጅየው ሲሠራ አይቻለሁ፣ ከባድ አልነበረም። ሸራው ተወጠረ፣ ጠጠረ፣ ጎበጠ። የምሰሶውን እግር እንደ ድሮው ጎማው ውስጥ ሰካነው። ባባ እንደ አሮጌው የሚከብዳቸው መስሏቸው እግራቸውን ከፍተው፣ ወገባቸውን አጽንተው በኃይል ሲያነሡት፣ ሸራው ወረቀት ይመስል ብድግ አለ፤ ወደ ኋላ ሊወድቁ ትንሽ ቀራቸው። ቀጥ ብለው ቆሙና ሳቁ።

«ሱብሓነላህ» አሉ። «ምንም አይከብድም። እንደ ወፍ ቀላል ነው። ልጄ እውነቱን ነው።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም፣ ወደ ላይ ነበር የሚያዩት። የአሮጌው ሸራ ጫፍ ከግንቡ እምብዛም አያልፍም ነበር፤ ይሄ ግን ትልቅ ነው፣ ግማሹ ከግንቡ በላይ ወጥቷል። እዚያ ላይ ምን እንደሚነፍስ እኛ ታች ሆነን አናውቅም። «ባባ ይበቃል፣ አቧራ እየመጣ ነው» አልኩ። ጥርሴ ላይ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ጎረቤት ጣሪያ ላይ የሆነ ቆርቆሮ ጮኸ።

ነፋሱ ሲደርስ ባባ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረጉት። ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ። ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያደርጉት የኋላ እጃቸውን ለቀቅ አደረጉ፣ ሸራው ይርገብና ይውደቅ ብለው። የእሳቸው ቢሆን ይሞት ነበር። ይሄ አልሞተም። ቅርጹን እንደያዘ ጎተታቸው። የምሰሶው እግር ከጎማው ወጣ። ባባ በሌላው እጃቸው የያዙትን መያዣ አልለቀቁም፤ ሦስት አራት እርምጃ ሮጡ፣ ስንት ጊዜ በዝግታ ያራመድኳቸው እግሮች ሮጡ። የቀሚሳቸውን ጀርባ ያዝኩ፣ ተቀደደ፣ ጨርቁ እጄ ላይ ቀረ። የታንከሩ መቀመጫ ሲሚንቶ እግራቸውን መታው። በጎናቸው ወደቁ። ሸራው በላያቸው አልፎ ግንቡን መታና እዚያው ተጋድሞ በነፋሱ ሲያጉረመርም ቆየ።

አልጮኹም። «ውኃው ቀዝቃዛ ነው» ነው ያሉት።

ሆስፒታል የዳሌያቸው አጥንት መሰበሩን ነገሩን። ሐኪሙ እንዴት እንደወደቁ ጠየቀ። እኔ አፌን ስከፍት ልጅየው ቀደመኝ። «ጣሪያ ላይ አዳለጠው» አለ። ወደ እኔ አላየም። በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ከምርመራና ከእስር እንዳዳነኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ቀን ቀን አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። አንድ ጠዋት ዓይናቸውን ገልጠው «ሸራውን ጠቀለልሽው?» አሉኝ። ጠቅልዬዋለሁ አልኳቸው። አልጠቀለልኩትም ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማናችንም ጣሪያ አልወጣንም። «ጎበዝ» አሉኝ። ከዚያ ሳንባቸው ውኃ ያዘ፣ ትንፋሻቸው አጠረ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ንጋት ላይ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ልጅየው እጃቸውን እንደያዘ አለፉ።

የለቅሶው ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ተሞላ። ሻይ አፈላሁ፣ ተምር አቀረብኩ፣ ሰሐን አጠብኩ። ማዳም አታናግረኝም። በሩ ክፍት ስለነበር ለባልዋ ስትለው ሰማሁ፦ «ይችን ሴት ቤቴ ውስጥ ማየት አልችልም። ኹሩጇን፣ የመውጫ ቪዛዋን ስጣት፣ ወደ አገሯ ትሂድ።» አልፈረድኩባትም። እኔም ራሴን መስተዋት ውስጥ ማየት ትቼ ነበር።

በአራተኛው ቀን ልጅየው «ጣሪያ ነይ» አለኝ። ሸራው እንደወደቀ ነበር፣ አቧራ ለብሶ፣ ላስቲኩ ግንቡን በመታበት በኩል ተሰንጥቆ። የአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ። «ምንም አታስቀሪ።»

ሁሉንም ነገርኩት። መዘውሩ ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ማነው ያዞረው?»

«እኔ።»

«ማን አሳየሽ?»

«እርስዎ። ያን ቅዳሜ ለባባ ሲያሳዩ አይቼ ነው።»

እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።

«እሱስ? ምን አለ?»

እዚህ ላይ አመነታሁ። ልንገረው አልንገረው? ቃሉ የእኔ አይደለም፣ የአባቱ ነው። ብደብቀው ስርቆት መሰለኝ። «እንደ ወፍ ቀላል ነው አሉ። ልጄ እውነቱን ነው አሉ» አልኩት።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። እንደገና ድገሚው አለኝ። በሦስተኛው ጊዜ ሻማጉን ከራሱ አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለውም። እኔ ወደ ልብስ ገመዱ ዞሬ ቆምኩ፤ የሰው ለቅሶ ፊት ለፊት አይታይም። በመጨረሻ «የእሱን ባልወስድበት ኖሮ የእኔን አይነካም ነበር» አለ። «እኔም እምቢ ብል ኖሮ» ልለው ፈለግኩ። ተጎንብሶ መዘውሩን ያዘ፤ አብረን አላላነው። ሸራውን ከሁለት ጫፍ ይዘን ጠቀለልነው። ከዚያ ቀን በኋላ ዕቃውን የት እንዳደረገው አላውቅም፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን ቤቱ ይውል ጀመር።

ወደ አገሬ አልሰደደኝም። ከሚስቱ ጋር ተጨቃጭቆ፣ ኢቃማዬን ወደ ሌላ ከፊል አዛወረልኝ። ባዲዓ ሰፈር የሚኖር ዘመዱ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ሾፌር ሳይልክ ራሱ ነው ያደረሰኝ። የአዲሱ ቤት በር ላይ ሻንጣዬን ከመኪናው ሲያወርድ «አንቺ ደግ ነሽ» አለኝና ሄደ። ዛሬም እዚያ ቃል ላይ አእምሮዬ ይቆማል፤ ያን ቀን ደግ ባልሆን ኖሮ ባባ ራታቸውን በልተው ይተኙ ነበር።

አዲሷ ማዳም ወጣት ነች። ኩሽናውን፣ የእኔን ክፍል፣ የልጆቿን አልጋ አሳየችኝ። ከዚያ ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ምግብ ትችያለሽ? እችላለሁ። ልብስ ትተኩሻለሽ? እችላለሁ። ሕፃን? እችላለሁ።

«ሽማግሌ ማስታመምስ? አንዳንዴ አያቴን እዚህ እናመጣቸዋለን።»

«እሱን አልችልም» አልኳት።

«በፊት የሠራሽው ምን ነበር ታዲያ?»

«የቤት ሥራ» አልኩ። ጥቂት አየችኝና ትከሻዋን ነቅንቃ፣ ኸላስ፣ መጀመሪያ ልብሱን እጠቢ ብላ የማጠቢያውን ክፍል አሳየችኝ።